ተሽከርካሪ ሻጭነት እንደ ሙያ፦ በላስታ ደጋ ለሚሠማሩ ወጣቶችና ለመካሪዎቻቸው

በላስታ አንድ ቤተሰብ ባጃጅ ወይም መኪና ሲገዛ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም። የአባት በሬ ተሸጦ፣ እኅት ከዓረብ አገር የላከችው ተጨምሮ፣ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶ፣ የጎደለው በብድር ተሞልቶ ነው ወደ ሻጩ የሚኬደው። ስለዚህ ግዢው የተበላሸ እንደ ሆነ የሚጎዳው ቤት አንድ ብቻ አይሆንም፤ ጉዳዩም ከሻጭና ከገዢ አልፎ ወደ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌም ወደ ንስሐ አባት ይደርሳል። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት እንዲህ ባለው ሙግት መካከል ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ።

በሌላ ወገን ደግሞ ሻጭ ለመሆን የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚውን እግር አሳጠረ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከዚያ ወዲህ የቀጠለው የጸጥታ ችግርም አስጎብኚውን፣ በቅሎ ሳቢውንና ሾፌሩን ሥራ አሳጣ። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የሰው አያያዝም መኪናም የሚያውቁ አሉና ወደ ድለላና ወደ ተሽከርካሪ ሽያጭ ፊታቸውን ቢያዞሩ የሚያስገርም አይደለም። ምክር ፍለጋ ወደ እናንተ ሲመጡ «የደላላ እንጀራ አይባረክም» ብሎ መመለስ ለእነርሱም ለአካባቢውም አይጠቅምም። መኪና ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ይህን የሚያከናውን ሰው ያስፈልጋል። ጥያቄው ሥራውን የሚሠራው ሰው ሙያውን የተማረ ነው ወይስ ያልተማረ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ይህንኑ ነው።

ከበቅሎ ገበያ እንጀምር

የላስታ ሰው ስለ ሻጭነት ከባዶ አይጀምርም። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከብትና የጋማ ከብት ሲገበያይ ኖሯል፤ ወደ አሸተን ማርያምና ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ የሚወስደውም መንገድ የበቅሎን ዋጋ ለሁሉም አስተምሯል። በቅሎ የሚገዛ ሰው የሻጩን ንግግር ሰምቶ ብቻ ገንዘብ አያወጣም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ጀርባዋን በእጁ ይዳብሳል፤ ያስኬዳል፤ ሽቅብና ቁልቁል ይሞክራል። ዐዋቂ የበቅሎ ሻጭም ይህን አይከለክልም። እንዲያውም ራሱ ቀድሞ «ከኋላዋ አትቁም፣ ትራገጣለች» ይላል። ዓመሏን የደበቀ ሰው ገዢው በተረገጠ ማግስት በገበያው መካከል በስሙ ይጠራል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሩ በቅሎ ይዞ ቢመጣ እንኳን የሚጠጋው የለም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተካቷል፤ ዕቃው እንዲመረመር መፍቀድ፣ ጉድለቱን ሳይጠየቁ መናገር፣ ገዢው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ። መኪና ለመሸጥም ከዚህ የተለየ መሠረት የለውም። ልዩነቱ የመኪና ጥርስ አለመታየቱ ነው። የበቅሎን ዕድሜ ገበያተኛው ሁሉ ሊያውቅ ይችላል፤ የሞተርን ድካም ግን የሚያውቀው ሻጩና መካኒኩ ብቻ ነው። እንግዲህ የሻጩ ኃላፊነት ከበቅሎ ሻጩ ይከብዳል ማለት ነው፤ ገዢው ማየት የማይችለውን እርሱ አይቶ መንገር አለበትና።

መኪና ወደ አገራችን ሲገባም እንዲሁ በማሳየት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ መኪና አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በወሬ አልረኩም፤ ራሳቸው ተቀምጠው ሞክረውታል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ዛሬም ሳያስነዱ መኪና ለመሸጥ የሚሞክር ሰው ያጋጥማል። «ነዳጅ የለውም»፣ «ባትሪው ደክሟል»፣ «ባለቤቱ አልፈቀደም» የሚሉት ምክንያቶች ይደረደራሉ። ነዳጅ የሌለው መኪና ነዳጅ እስኪገባለት ድረስ ለሽያጭ አልደረሰም።

ደጋውን የሚያውቅ ሻጭ

የአዲስ አበባ ሻጭ ያልተማረውን የላስታ ሻጭ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ዕውቀት አለ፤ እርሱም የአገሩን ከፍታ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ያለ ተርቦ የሚሠራ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚስብ የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ ሺህ ሲሲ ሞተር አምስት ሰውና የሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ሽቅብ የሚወጣ መኪና እንፈልጋለን የሚሉ ሰዎች ቢመጡ፣ መኪናው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጥሩ መሮጡን መተረክ ማታለል ባይባል እንኳን ከማታለል አይርቅም።

ውኃም በዚህ ከፍታ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ መፍላቱን የሚያዘገየው እንዲህ ባለው አገር በተለይ ያስፈልጋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን የጥቂት ብር ዕቃ ነው፤ እርሱ ባለመቀየሩ ግን የሚቃጠለው የሞተር ጋስኬት የአንድ ቤተሰብ የወራት ገቢ ይወስዳል። መኪናውን ከማስረከቡ በፊት ይህን ክዳን አይቶ የሚቀይር ሻጭ ለራሱ ስም ትልቅ ነገር ሠራ።

መንገዱም አለ። ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ ሽቅብ ወደ ደጋው መውጣት፣ በደጋው ተጉዞ ጋሸና መድረስ፣ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላሊበላ መውረድ ነው፤ በጠቅላላው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ስለዚህ ለዚህ አገር መኪና የሚሸጥ ሰው ከቀለሙና ከቴፑ በፊት የፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱንና የጎማውን ጥርስ ሊያሳይ ይገባዋል። ገዢው አዲስ ሾፌር ከሆነም ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ እንደሚወረድ መንገር የሻጩ ሥራ አይደለም የሚል ካለ እኛ አንስማማም።

አሁን አሁን የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ «የኤሌክትሪክ ይሻላል ወይስ አሮጌ ቶዮታ?» የሚለው ጥያቄ ከገጠር ከተሞችም ይሰማል። መልሱ «ይሻላል» ወይም «አይሻልም» ሊሆን አይችልም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን በመጠኑ መልሶ ይሞላል። እነዚህ ለላስታ የሚስማሙ ጠባዮች ናቸው። ነገር ግን ሽቅብ ሲወጣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው የኪሎ ሜትር መጠን የሜዳ መንገድ መጠን ነው፤ የመሙያ ጣቢያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ጥቂት ነው፤ መብራትም ይቋረጣል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥ ከተጓዘው ኪሎ ሜትር ይልቅ ባትሪው ከአዲስነቱ ስንት እጅ እንደ ቀረው መመርመር አለበት። ይህን በመሣሪያ አስመርምሮ ወረቀቱን ለገዢው የሚሰጥ ሻጭ በአካባቢው ገና ብርቅ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የጀመረው ሰው ገበያውን ይይዛል ብለን እናምናለን።

መጠየቅ ከመናገር ይቀድማል

ጥሩ ሻጭ ብዙ የሚናገር ሰው ይመስለናል። ተናጋሪነት ግን ሥራውን የሚረዳው በስተመጨረሻ ነው። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው መጠየቅ ነው። አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሆነው ባጃጅ ለመግዛት መጡ እንበል።

«አባቴ፣ ባጃጁን የሚነዳው ማን ነው?»

«ይኸው ልጄ ነው። መንጃ ፈቃዱን አውጥቷል።»

«የሚሠራው በከተማው ውስጥ ነው ወይስ ወደ ገጠር ቀበሌ?»

«በከተማ ነው የሚለው፤ ግን ቤታችን ከከተማው ወጣ ይላል፤ ማታ ማታ ወደዚያው ይወጣል።»

«ገንዘቡ በእጅ ነው ወይስ ብድር አለበት?»

«እኩሌታው ብድር ነው፣ ልጄ።»

በሦስት ጥያቄ ሻጩ ብዙ ነገር ዐወቀ። ቤታቸው ከከተማው ውጭ ስለ ሆነ የማታው መንገድ ጠጠር ይሁን አስፋልት ማወቅ አለበት፤ የብድሩም ክፍያ ከባጃጁ ገቢ ጋር መመዛዘን አለበት። እዚህ ላይ እስክሪብቶና ወረቀት ያውጣ። ለምሳሌ ያህል ዋጋው 400,000 ብር ቢሆን፣ ነዳጅ፣ ዘይትና ጥገና ተቀንሶ በቀን 500 ብር ቢተርፍ፣ በወርም 25 ቀን ቢሠራ የወሩ ትርፍ 12,500 ብር ይሆናል፤ ዋጋውን ለመመለስ 32 ወር ያስፈልጋል። ይህ የምሳሌ ቍጥር ነው፤ እውነተኛውን ቍጥር ሻጩ ከሚሠሩት ባለ ባጃጆች ጠይቆ ማግኘት አለበት። ከዚያም ሌላ ነገር ይጨምር፤ የላሊበላ ገበያ በዓመቱ ሁሉ እኩል አይደለም። በገናና በጥምቀት ሰሞን የሚገኘው በክረምት አይገኝም። የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ በሐምሌና በነሐሴም ያው ከሆነ ቤተሰቡ ከታኅሣሥና ከጥር ገቢ ማስቀመጥ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ባጃጅ በከተማ ለመሥራት ከከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀውን ፈቃድና የማኅበር አባልነት ጉዳይም እንዲሁ። ባጃጁን ገዝቶ ስምሪት ያጣ ወጣት የሚያማርረው በጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ይህን ሳይነግር በሸጠለት ሰው ላይም ነው።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ስሌት ሽያጩን ያስቀራል። አባትና ልጅ ተያይተው «እንግዲህ ዓመት እንቆይ» ብለው ይሄዳሉ። ሻጩ የዚያን ቀን ኮሚሽን አጣ። ሆኖም እነዚህ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማን እንደሚመጡ፣ እስከዚያም ድረስ ስለ ማን እንደሚያወሩ መገመት አያስቸግርም።

የዲትሮይቱ ሰውና የእኛ ዕድር

ስለ መኪና ሻጭነት ሲነገር በዓለም ላይ ስሙ የሚጠራ አንድ ሰው አለ። ጆ ጂራርድ ይባላል፤ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወለደ፤ በ2019 ዐረፈ። በቤት ሥራ ንግድ ከስሮ፣ ለልጆቹ የሚያበላው አጥቶ፣ በ1963 በአንድ የሸቭሮሌት መሸጫ ሥራ ለመነ። እስከ 1977 ድረስ በነበሩት ዓመታት 13,001 መኪና ሸጠ፤ በ1973 ብቻ የሸጠው 1,425 ነው። ለድርጅት በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ ለግለሰብ የሸጠው ስለ ሆነ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ስሙ ሰፍሯል።

ይህ ሰው የሥራውን ምስጢር ያገኘው በመኪና መሸጫ ውስጥ አይደለም፤ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ለለቀስተኛው የሚታደለውን የመታሰቢያ ካርድ ያየና የቀብር አስፈጻሚውን «ስንት እንደሚያሳትሙ በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። በአማካይ ወደ 250 ሰው እንደሚመጣ ይነገረዋል። በሠርግም ቢጠይቅ ቍጥሩ ከዚያው አካባቢ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ አንድን ሰው ያስከፋ 250 ሰው እንደሚያስከፋ፣ አንዱን ያስደሰተም እንዲሁ እንደሆነ ቈጠረ፤ ከዚያ በኋላ በማንም ደንበኛ ላይ ፊቱን እንዳያጠቁር ለራሱ ደንብ አወጣ። ለደንበኞቹ ሁሉ በየወሩ ካርድ ይልክ ነበር፤ የተበላሸ መኪና ይዘው ሲመጡም ወደ ጥገና ክፍሉ ሄዶ ቆሞ ያሠራላቸው ነበር።

የላስታ አንባቢ በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል። በእኛ አገር ለቅሶ 250 ሰው ብቻ ከመጣ ሟቹ ባዕድ ነበር ያሰኛል። ዕድርተኛው፣ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የጎረቤት ቀበሌው፣ ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጣው ዘመድ ሲደመር ቍጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ጂራርድ በስሌት የደረሰበት ነገር ለእኛ ሻጭ ይበልጥ ይሠራበታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም። ወርኃዊ ካርዱ ግን ለእኛ አይሆንም፤ በእርሱ ፈንታ መኪናው በተሸጠ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ሽቅቡን እንዴት አወጣችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ብዙ አናውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እናክል። ዕድርና ማኅበር የሻጩ ስም የሚሰማባቸው ቦታዎች ናቸው ማለት የሻጩ ገበያ ናቸው ማለት አይደለም። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ባጃጅ ዋጋ የሚያወራ፣ በጽዋ ማኅበር ላይ ስልክ የሚያድል ሰው የሰውን ሐዘንና ጸሎት ለትርፍ እንዳዋለ ይቈጠርበታል፤ መቈጠሩም ተገቢ ነው። ካህናት ይህን ስታዩ በገርነት ብትመልሱት ለሰውየውም ውለታ ነው።

ጉድለትን መናገር

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሻጩ «ጉድለቱን ከነገርኩ አይገዙኝም» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ባዶ ነው አንልም፤ አንዳንዱ ገዢ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ዋጋው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ክላቹ የደከመ መኪና የክላች ዋጋና የሠራተኛ ተቀንሶለት ቢሸጥ ሁለቱም ወገን ያውቃል፤ ማንም ማንንም አይከስም። ተደብቆ ቢሸጥ ግን በሕጉም በኩል ሻጩን ነፃ የሚያወጣው ነገር የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ በተንኰል የተገኘ ስምምነትም ሊፈርስ ይችላል። በተቃራኒው ገዢው ዐውቆ ለገዛው ጉድለት ሻጩ አይጠየቅም። እንግዲህ በውሉ ላይ «የግራ የኋላ አሞርዛተር መቀየር እንዳለበት ገዢ ተነግሮት ተቀብሏል» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ገዢውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሻጩንም ይጠብቃል። ብዙ ሻጮች ይህን ስለማያውቁ ነው ዝምታን የሚመርጡት።

የተጓዘውን ኪሎ ሜትር መልሶ መቀነስ፣ የተጋጨ አካልን በስቱኮና በቀለም ሸፍኖ «ያልተነካ» ማለት፣ ዘይት የሚበላ ሞተርን በወፍራም ዘይት ለአንድ ሳምንት ዝም ማሰኘት በሙያው ውስጥ የታወቁ ማታለያዎች ናቸው። ወጣቱ ሻጭ እነዚህን እንዲያውቅ እንፈልጋለን፤ ሊሠራባቸው ሳይሆን እርሱም ከባለቤቱ ሲረከብ እንዳይታለል። የደላላው ትልቁ አደጋ ይኸው ነውና፤ ሳያውቅ የሰውን ውሸት በራሱ አፍ ያስተላልፋል። መድኃኒቱ ከአንድ የታመነ መካኒክ ጋር መሥራት ነው። የመካኒኩን የምርመራ ክፍያ ገዢው ይክፈል፤ ሻጩ ከከፈለ መካኒኩ የማን ዐይን እንደ ሆነ ያጠራጥራል።

ሰነድ

ያልተማሩ ሻጮች የሚወድቁበት ሁለተኛው ቦታ ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን በዐይን ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ባለቤቱ ራሱ ነው ወይስ በውክልና? በውክልና ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል? ባለቤቱ ባለ ትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ አለ? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ከመዘገበው ጽሕፈት ቤት ተጠይቋል? የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ አለው? በዐዋጅ ቍጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜው አላለፈም?

በላሊበላ አካባቢ በተለይ ሊጠየቅ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ለቱሪዝም ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገቡ መኪናዎች አሉ። እንዲህ ያለው መኪና ቀረጡ ተከፍሎ ወይም ጉምሩክ ፈቅዶ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ አይተላለፍም። ሥራ ስለ ጠፋ በርካሽ ይሸጣል ተብሎ ሲቀርብ ርካሽነቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ነው፤ ያልተከፈለው ቀረጥ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላልና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ በተለይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ታክሱን ከፍ አድርጎታል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ተነሣ። ሻጩ እነዚህን ካላወቀ የዛሬውን ዋጋ ለምን እንደ ሆነ ለገዢው ማስረዳት አይችልም፤ ማስረዳት ያልቻለ ሰውም ዋጋ የጨመረው እርሱ ይመስላል።

ሽያጩ በውልና ማስረጃ ፊት ተፈርሞ የስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስ ሥራው አላለቀም። «ቀብድ ተቀብያለሁ፣ የቀረውን ተነጋገሩ» ብሎ የሚሰወር ደላላ የሥራውን ግማሽ ሳይሠራ ሙሉ ዋጋ የበላ ነው።

ስለ ሻጩ ገቢ

የደላላ ክፍያ በተለምዶ ከዋጋው ሁለት በመቶ ነው። ይህ ልማድ ውስጡ ሲታይ ለሐቀኛ ሰው የሚመች ነው። ሻጩ አንድን መኪና በ20,000 ብር ቢያስወድድ በሁለት በመቶ ስሌት ለእርሱ የሚጨመርለት 400 ብር ብቻ ነው። ለ400 ብር ሲል ገዢን የሚያስቀይም ሰው ሒሳብ አያውቅም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላው ዓይነት ስምምነት ነው፤ ባለቤቱ «ይህን ያህል ስጠኝ፣ ከዚያ በላይ ያገኘኸው ያንተ» ሲለው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የተጨመረ ብር የደላላው ይሆናል፤ ደላላው የገዢው ብቻ ሳይሆን የባለቤቱም ተቃራኒ ይሆናል፤ ባለቤቱና ገዢው እንዳይገናኙም ይለፋል። ወጣቶችን የምትመክሩ አባቶች በዚህ ነጥብ ላይ ጸንታችሁ ብትቆሙ መልካም ነው፦ ክፍያው አስቀድሞ ይታወቅ፣ ለሁለቱም ወገን ይነገር፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ንግድ ፈቃድ ወጥቶ ግብርም ይከፈልበት።

በላስታ ባለው ገበያ መጠን በመኪና ሽያጭ ብቻ መኖር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ መሆኑንም መደበቅ አይገባም። መለዋወጫ አብሮ መሸጥ፣ የመድንና የምርመራ ጉዳይ ማስፈጸም፣ ለገዢ ወደ ወልድያ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ መኪና መርምሮ ማምጣት ገቢውን ይደግፋሉ። በተለይ የመጨረሻው፣ የላስታውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለላስታ የሚሆነውን መኪና መርጦ ማምጣቱ፣ ሰው በፈቃዱ የሚከፍልበት አገልግሎት ነው።

ሰበካ ጉባኤ ራሱ ሲገዛና ሲሸጥ

የደብር መኪና ግዢ ከግለሰብ ግዢ የሚለይበት ነገር ቢኖር ገንዘቡ የብዙ ምእመናን መሆኑ ነው። የመኪናው ሊብሬ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም እንጂ ለጊዜው ተብሎም ቢሆን በሰብሳቢ ወይም በለጋሽ ስም አይውጣ። ቢያንስ ሦስት ዋጋ ተወዳድሮ፣ የመካኒክ ምርመራ ተያይዞ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ሻጩ ለኮሚቴው አባል «ለመጓጓዣ» ብሎ የሚሰጠው ነገር ካለ ከዋጋው እንዲቀነስ መጠየቅ ቀላሉ መልስ ነው፤ ለመስጠት ገንዘብ ካለው ለመቀነስም አለው።

አሮጌውን መኪና ስትሸጡም እናንተ ሻጭ ናችሁና እስካሁን ያልነው ሁሉ ይመለከታችኋል። ማስታወቂያው በዐውደ ምሕረት ይነገር፣ በበሩም ይለጠፍ፤ መኪናው ተነሥቶ እንዲነዳ ነዳጅ ይኑረው፤ የሚታወቁት ጉድለቶች በማስታወቂያው ላይ ይጻፉ። «የቤተ ክርስቲያን መኪና ነው፣ አይከዳም» የሚል ቃል አይጨመር። በርክክቡ ወረቀት ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ፤ በዚያው ዕለት አደጋ ወይም የትራፊክ ቅጣት ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደ ሆነ የሚለየው ሰዓቱ ነው። በመኪናው በር ላይ የደብሩ ስም ተጽፎ ከሆነ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ይጥፋ፤ የማጥፊያውንም ቀለም ሻጩ ይክፈል።